አባቴ የተከላቸው ግራቪሊያዎች

ባለፈው ቅዳሜ የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ስብሰባ የሚባለው መኪና ማቆሚያው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ ስለ ውሃና ስለ ጄኔሬተር መነጫነጭ ነው፤ እኔም የምሄደው ካልሄድኩ የሚያሙኝ ስለሚመስለኝ ነው። የዚያን ቀን ግን ሊቀመንበሩ ደስ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን፣ ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻ የሚጣልበትን የከተማውን ባዶ መሬት ነዋሪዎች አትክልት እንዲያለሙበት አስተዳደሩ ፈቅዷል አለን። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዱ ቲማቲም አለ፣ አንዷ ሮዝመሪ አለች። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ናኒ ክንዴን ጎተተችና "ማሚ፣ አቮካዶ እንትከል፣ ፕሊስ። ዳር ዳሩን ሁለት ሦስት ትሪስ፣ ኢት ዊል ሉክ ሶ ናይስ" አለችኝ።

"አይሆንም" አልኳት።

ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ መሰለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነገሩ ከተበላሸ አይቀር ብዬ ለሁሉም በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ ዛፍ አይተከልም። ሊቀመንበሩ የአገሩ ሰው ነው፤ ፈገግ አለና "እናት ሕጉን ታውቃለች" አለ። ሕጉን አላውቅም። የማውቀው አባቴን ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ቁርጡን ዓመት ንገሪን ብትሉኝ ከእናቴ ጋር ታጣሉኛላችሁ፤ እሷ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ። የምንኖርባት ሰፈር፣ ኪሌሌሽዋ፣ ያኔ እንዳሁኑ በፎቅ አልተጨናነቀችም። ሰፋፊ ግቢ ያላቸው የጥንት ቤቶች ገና መፍረስ የጀመሩበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ጃካራንዳ የከበበውን ቤት አይታችሁ ብታልፉ፣ ወር ሳይሞላው በቆርቆሮ ታጥሮ ከውስጡ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ሲጮህ ታገኙታላችሁ። እኛ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማ ላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከመስኮታችን በታች መሬቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ወንዝ ያልኩት ለክብሩ ነው እንጂ ፌስታል የሚጎትት ጅረት ነው። ያ ቁልቁለት የከተማው መሬት ነበር፤ ተቆጪ ስላልነበረው የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነው።

ናይሮቢ ያመጣን አባቴ፣ አቶ ግርማ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት አራሚ ነበር፤ ሌላው ያጣመመውን እንግሊዝኛ የሚያቃና። አንድ ቀን ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን በየማለዳው ተነስቶ ይላጫል፣ ክራባቱን ያስራል፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ ስልክ ይጠብቃል። ቀጥሎ ክራባቱ ቀረ። ቀጥሎ መላጨቱ ቀረ። በመጨረሻ ከአልጋ መነሳቱም ቀረ። እናቴ ኪሊማኒ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ የወጥ ቤት ኃላፊ ሆና ትሠራ ስለነበር ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ይሄ ደግሞ ለአባቴ ሌላ ቁስል ነው። ከሥራ የምታመጣለትን ቀመስ አድርጎ ይመልሰዋል። "ጥሩ ነው፣ ጠግቤ ነው" ይላል፤ የምን ጥጋብ፣ ውሎውን በሙሉ እህል ያልቀመሰ ሰው። እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። አመሻሽ ላይ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወርጄ ደረጃውን ስወጣ እግሬ ይከብደኝ ነበር፤ በሩን ስከፍት ምን እንደማገኝ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ የአባቴን ሞት የፈራሁት በኋላ ታሞ ከተኛበት ጊዜ ይልቅ ያኔ ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለ ማማ ዋምቡይ በራችንን አንኳኩ።

ማማ ዋምቡይ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዋምቡይ የልጃቸው ስም ነው፤ እዚህ አገር ወላጅ በልጁ ስም ይጠራል፣ አባቴንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኔ ስም "ባባ ማርታ" ነው ያሉት። አጭር ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪን የሚያስደነግጥ ነበር። "ያን ቆሻሻ ልናጸዳው ነው" አሉ በሩ ላይ እንደቆሙ። "ከየቤቱ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ወንድ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

እናቴ ክው አለች። እኔም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ቤት በሹክሹክታ እንኳን አንናገረውም ነበር። ከመኝታ ቤት ኮቴ ተሰማ፣ አባቴ በፒጃማ ወጣ፣ ጢሙ እንዳደገ።

"የምተኛው እኔ ነኝ" አለ። "አካፋ አላችሁ?"

ቁልቁለቱን ለማጽዳት ብዙ ቅዳሜዎች ፈጀ። ማማ ዋምቡይ ለካ በጎን ማዘጋጃ ቤቱን ሲመላለሱበት ከርመዋል፤ የመጋቢቱ ዝናብ ሊገባ ሲል አንድ ሹም ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የዝናብ ካፖርቱን ፀሐይ ቢወጣም የማያወልቅ ሰውዬ ነበር። ቁልቁለቱ መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየና የሚፈቅደውን ነገረን። አትክልት መዝራት ትችላላችሁ። ዝናብ በገባ ቁጥር መጥቼ አያለሁ፤ ከተማው ለሌላ ካልፈለገው ትቀጥላላችሁ። አጥር የለም፣ ጎጆ የለም፣ የእኔ ነው የሚል ሰው የለም። "ዘርታችሁ ዝናቡ ሳያልፍ የምትበሉትን" አለ፣ "እሱን ብቻ።" ዛፍን በስሙ አላነሳም። እዚያ የቆመው የአገሩ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማንሳት አላስፈለገውም። የማናውቀው እኛ ብቻ ነበርን፤ አለማወቃችንንም አላወቅንም።

ለየቤቱ አንድ አንድ መደብ ደረሰ። ሻምባ ይሉታል እነሱ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ሲረጥብ ጫማ ላይ እየተጣበቀ ሰውን ያስረዝማል። አባቴ ማታ ሲገባ ደረጃው ሁሉ ቀይ ይሆናል፤ እናቴ መጥረጊያ ይዛ ከኋላው እያጉረመረመች ትከተለዋለች። ደስ ብሏት ነው የምታጉረመርመው፣ ከድምፅዋ ያስታውቃል። የሐበሻ ጎመን ዘር ከሞያሌ እስከ ናይሮቢው ኢስሊ ገበያ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ወዳጁ አመጣለት። ጎረቤቶቻችን የሚዘሩት ሱኩማ ዊኪ ነው፤ ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነ፣ ኡጋሊ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎ ጋር የሚበሉት ጎመን። በዚህ አባቴና ማማ ዋምቡይ ይነታረኩ ጀመር። እሱ "የእናንተ ጎመን ካርቶን ነው" ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ "የእርስዎ አረም ነው፤ ልነቅለው ስል ነው የደረሱብኝ" ይሉታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ተሸነፈላቸው። አባቴ መጀመሪያ ላይ ጎመኑን ከነሥሩ ነበር የሚነቅለው። እሳቸው እጁን ያዝ አደረጉና "ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ይቁረጡ፣ ልቡን አይንኩት። ልቡ ካለ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ያወጣል" አሉት። ከዚያ ወዲያ የጎመን ልብ የነካ ሰው ካየ አባቴ ነው የሚቆጣው። እናቴን እንኳን አንድ ቀን ተቆጥቷት ለሁለት ቀን ተኳርፈዋል።

አባቴን አገኘነው ልበላችሁ። ይላጫል፣ ይበላል፣ እኔ ስመጣ ጎመኑን በቃሪያ ሠርቶ ይጠብቀኛል፤ ከማታቱ ማቆሚያው አጠገብ ከሰል ላይ የምትጠብስ ሴትዮ ዘንድ ወርዶ ሎሚና በርበሬ የታሸ በቆሎ ይዞልኝ ይመጣል። ሰዎቹ ከሥራ ሲመለሱ እላይ ሳይወጡ መጀመሪያ ወደ ሻምባው ነው የሚወርዱት። እዚያ ጭቃው ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀንድ አውጣው ያወራሉ። ሥራ አገኘህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔ ከመስኮቱ ቁልቁል አየውና ዓይኔ እንባ ይሞላል፤ ያን ጊዜ እንባ ይቀናኝ ነበር።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ናይሮቢ በሚበርድበት በሐምሌ ወር፣ አንድ ጠዋት ከላይኛው መንገድ ዳር ጫፋቸው ቀይ የተቀባ የእንጨት ችካሎች ተተክለው ተገኙ። ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ያ ዘመን ጋዜጣው ሁሉ ስለተነጠቀ የሕዝብ መሬት የሚጮህበት ነበር፤ ትናንት መናፈሻ የነበረው ዛሬ የግለሰብ ሆኖ ይገኛል። "ግራብ ተደረገ" ይላሉ። ቃሉን እኛም ለምደነዋል። እንዴት ነው የሚነጠቀው፣ ከምን ይጀምራል፣ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። ማማ ዋምቡይ ስለ ችካሎቹ ሊጠይቁ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ፣ ሹሙ መስክ ወጥቷል ተብለው ተመለሱ። አባቴ ግን መጠበቅ አልቻለም። እንቅልፍ አጣ። እራት ቀምሶ መመለስ ጀመረ፣ እኔና እናቴም ተያየን።

"ዛፍ ነው መትከል" አለ አንድ ማታ።

"የምን ዛፍ?" አለች እናቴ።

"እኛ አገር መንገድ ሲወጣ የአባቴ ጎረቤት ማሳው ላይ ጤፍ ነበር። ጤፍህን እጨድና ውጣ አሉት፣ ወጣ። አባቴ ባሕር ዛፍ ነበረው። መጡ፣ አዩ፣ ተነጋገሩ፣ ካሳም ምትክ ቦታም ሰጡት። ለምን? መሬቱማ የማናቸውም አልነበረም፣ የመንግሥት ነው። ዛፉ ግን የሱ ነው። ዛፍ ያለበትን ቦታ ሰው ዝም ብሎ አይወስድም።"

ይሄን የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ያንተ የሚባለው የገነባኸውና የተከልከው ነው። እናቴም በዚሁ አድጋለች፤ ስለዚህ ዛፉን አልተቃወመችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሰዎቹን አማክረሃቸዋል?"

"ለነሱው እኮ ነው። ሲያዩት ይደሰታሉ።"

አባቴ እንደዚያ ነው። መልካም ነገር ሊያደርግ ሲል አስቀድሞ ማውራት ጉራ ይመስለዋል። ድንገት አድርጎት፣ ሰው ሲደነቅ ዳር ቆሞ ማየት ይወዳል። ችግኞቹን መንገድ ዳር ከሚሸጡት ገዛ። ግራቪሊያ ነው፤ አዲስ አበባ በየግቢውና በየትምህርት ቤቱ ያለው፣ ቅጠሉ በታች በኩል ብርማ የሆነው ዛፍ። "ሻጩ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?" አለን እየሳቀ ሲገባ። "'እንኳን ደስ ያለህ፣ የት ነው ቦታ የገዛኸው?' አለኝ።" ሦስታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከወንዙ ሳይነሳ፣ አባቴ ቆፈረ፣ እኔ ውሃ አመላለስኩ። መሃል ላይ እንዳይተክል ተጠንቅቋል። ዛፎቹ ሲያድጉ ጥላቸው የሰው አትክልት ላይ እንዳያርፍ ብሎ ዳር ዳሩን፣ ከላይኛው መንገድ እስከ ወንዙ፣ ገመድ ዘርግቶ በቀጥታ መስመር ነው የተከላቸው። ስንጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። እሱ ያረመው ገጽ ይመስል ነበር፣ አንድም የተዛነፈ ነገር የለውም። "ቆንጆ ነው፣ አይደለም?" አለኝ። ቆንጆ ነው አልኩት፣ ቆንጆም ነበር።

እሑድ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ ቅጠል ሊቆርጡ ወረዱ። አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ቀድሟቸው ወርዷል፤ ፊቱ ላይ ስጦታ የሰጠ ሰው ፈገግታ አለ። እኔ ከጎኑ ነኝ። አንድ ሰው ቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው ቆመ። ማማ ዋምቡይ የእሑድ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ከላይኛው ችግኝ ጀምረው ረድፉን ተከትለው እስከ ወንዙ ወረዱ፣ ተመልሰው ወጡ። ሰላምታ አልሰጡንም።

"ባባ ማርታ" አሉ፣ "ይሄ ድንበር የማን ነው?"

"የምን ድንበር?" አለ አባቴ። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው። "ዛፍ ነው እኮ። ቦታውን ማንም እንዳይወስድ ብዬ ነው።"

"ከማን እንዳይወስድ? ከእኛ ነው ወይስ ከእርስዎ?"

"ከሁላችንም ነዋ።"

ማማ ዋምቡይ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ከጩኸታቸው ይበልጥ ያስፈራል። "እኔ ልጅ ሆኜ ገጠር ጎረቤት ነበረን። ጨዋ ሰው፣ አብረን የምንበላ። አንድ ጠዋት ስንነሳ የእኛ ማሳ ውስጥ ግራቪሊያ በረድፍ ተተክሎ አገኘን። አባቴ ዛፍ ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ዛፉ አደገ፣ ድንበር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ሆነ። ሽማግሌዎች ቢመጡም ያዩት ዛፉን ነው። በዚህ አገር ሰው ግራቪሊያ በረድፍ የሚተክለው አንድ ነገር ለማለት ነው፤ ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው ለማለት። አባቴ ያንን ማሳ እያየ ነው የሞተው።"

ቋንቋ አልነበረም የጎደለን፤ የእሱም የእሳቸውም እንግሊዝኛ ከጋዜጣው ይሻላል። ነገር ግን አንዱ አገር የሚጠብቀው ዛፍ ሌላው አገር የሚቀማው ዛፍ ሆኖ ተገኘ፣ ያን ለማስረዳት ደግሞ ሰውየው አስቀድሞ ሊያምንህ ይገባል። እምነቱ ነበር በአንድ ሌሊት የጠፋው። "ውጭ አገር ሰው" የሚል ቃል ከኋላ በስዋሂሊ ሰማሁ፤ አባቴ አልገባውም፣ እኔ ገብቶኛል።

ከዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዷ ጎረቤታችን መደቧ ላይ ተንበርክካ ገና ያልደረሰ ሽንኩርቷን መንቀል ጀመረች። ነገሩ አብቅቷል፣ ያለው ሳይወሰድ ልሰብስብ ብላ ነው። ሌላውም ተከተላት። ጣት የማያህል ካሮት፣ እንጭጭ ቲማቲም፣ ሱኩማውን ከነልቡ። አባቴ እጁን ዘርግቶ "ኧረ ተዉ፣ ልቡን አትንኩ፣ እባካችሁ" እያለ ከመደብ መደብ ይዞራል፤ ማንም አላየውም። ማማ ዋምቡይ ብቻ ምንም ሳይነቅሉ ወደ ቤታቸው ወጡ። አንጀቴን በላኝ። በሰዎቹም በአባቴም በሁሉም ተናደድኩ፣ ማንን ልቆጣ እንደሚገባኝ ግን አላውቅም ነበር።

አባቴ ተመልሶ ተኛ። "አመድ አፋሽ ሆንኩ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሳምንቱ መሃል ባለ ካፖርቱ ሹም መጣ። ሁሉም ባለበት፣ አባቴንም ከአልጋ አስነስተነው፣ ረጋ ብሎ ነገረን። ችካሎቹን የተከሉት የፍሳሽ ቧንቧ የሚለኩ የከተማው ሠራተኞች ናቸው፤ መሬቱን የወሰደባችሁ የለም። ስንፈራው የነበረው ነገር ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ነው። "ዛፎቹ ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይነሱ" አለ ወደ አባቴ ዞሮ። "ካልተነሱ ፈቃዱን አነሳለሁ፣ የሁሉንም። ክፉ ሆኜ አይደለም። ነገ አንድ ጉልበተኛ መጥቶ 'ለእሱ ስትፈቅድ ለኔ ለምን ከለከልክ' ቢለኝ መልስ የለኝም።"

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ቤት ስንገባ ግን "የተከልኩትን አልነቅልም" አለ።

"ግርማ" አለች እናቴ።

"አልነቅልም። አገሬ መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እሺ። እዚህ የከተማው ነው፣ እሺ። ቤቱ የአከራይ ነው፣ ሥራው የፕሮጀክት ነበር። አንዲት ችግኝ የኔ ናት ማለት ካልቻልኩ ምን ቀረኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ቀረኝ?" አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ የሥራ ሽርጧን ገና አላወለቀችም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ "ያኔ ከዚህ አልጋ ያስነሳህ ዛፍ ነው?" አለችው። "ሴትዮዋ ናቸው ያስነሱህ። ዛሬ ደግሞ እሳቸው በአንተ የተነሳ ታች ቁጭ ብለው አባታቸውን ያለቅሳሉ።" ተነስታ እራት ልታሞቅ ሄደች።

በማግስቱ ከሰዓት ከኮሌጅ ስመለስ አባቴ ተላጭቶ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ክራባቱን እያሰረ አገኘሁት። ለሥራ የጠሩት መስሎኝ ነበር። "ነይ" አለኝ። ተከትዬው ወረድኩ። የቢሮ ጫማው ቀዩ አፈር ውስጥ እየገባ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለችው ችግኝ ጋ ደርሶ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ፣ በሁለት እጁ ይዞ ነቀላት። ሥሯ ገና አልያዘም ነበርና ዝም ብላ ወጣች። እንዲያ በቀላሉ መውጣቷ ይመስለኛል ይበልጥ የጎዳው። ሁለተኛዋን ነቀለ። ሰዎች ከየሰገነታቸው ያያሉ፣ አንዳንዶቹ ወርደው ዳር ቆሙ፤ ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልረዳው። እኔ ላግዘው ስል በእጁ ከለከለኝ።

ወደ መሃል ሲደርስ ማማ ዋምቡይ ፌስታሎች ይዘው ወረዱ። ከአጠገቡ ተንበረከኩ፣ የነቀላቸውን እያነሱ ሥራቸውን ከነአፈሩ በፌስታል ማሰር ጀመሩ። ረድፉን እንዲህ ሆነው ጨረሱት፣ እሱ እየነቀለ እሳቸው እያሰሩ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ "ለኔ ይስጡኝ" አሉት። "ከአባቴ የቀረችን ቁራሽ መሬት አለች። ድንበር የላትም።"

አባቴ አያቸው። "ይውሰዷቸው" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ሊያፍር ሲል እንደሚያደርገው ክራባቱን እያስተካከለ፣ "ይቅር ይበሉኝ" አላቸው።

"ፖሌ፣ ባባ ማርታ" አሉት እሳቸውም፤ አይዞህም፣ አዝናለሁም የሚሉበት ቃል ነው። ሥራ የለመደው እጃቸው ቀይ አፈር እንደያዘ ትከሻው ላይ አረፈ። ያ አፈር ከሱፉ ለቆ አያውቅም፣ እናቴም ላስለቅቀው ብላ አልታገለችም።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ ብላችሁ ውሸት ነው። ፈቃዱ ቀጠለ፣ ሰላምታውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ያቺ ሽንኩርቷን የነቀለችው ጎረቤታችን ግን እስከ መጨረሻው አባቴን አላናገረችውም። እሱም ጭቃው ላይ ቆሞ እንደ ልቡ አይስቅም፤ ከመናገሩ በፊት የሰው ፊት ማየት ለመደ። ዝናብ በገባ ቁጥር ጎመኑን ይዘራል፣ ከታች ከታች ይቆርጣል፣ ያልፋል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የፍሳሽ ቧንቧው እውነትም መጣ። ማስታወቂያ ተሰጠን፣ ያለንን ቆርጠን ወጣን። አባቴ የመጨረሻውን ጎመን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ቢያንስ በልተንበታል" አለ። ማማ ዋምቡይም ብዙ ሳይቆዩ ገጠር ገቡ። ግራቪሊያዎቹ ይደጉ ይድረቁ፣ ሄጄ አላየሁም።

አባቴ ያረፈው ናይሮቢ ነው። አገር ቤት እንውሰደው አልን፣ እሱ ግን ቀድሞ "እዚሁ" ብሎ ነበር። የቀበርነው የከተማው መቃብር ውስጥ ነው። እናቴ ራስጌው ላይ አንድ ዛፍ ልትተክል ችግኝ ይዛ ሄደች። የመቃብሩ ጠባቂ ትሕትና ያለው ሰው ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ "እናት፣ ዛፍ አይፈቀድም፣ ሥሩ የጎረቤቱን መቃብር ያነሳል። ቦታው የከተማው ነው" አላት። እናቴና እኔ ተያየን። እናቴ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልሳቀችው ሴት፣ ሳቀች፣ ከሳቋ ወደ ለቅሶዋ ለመሄድም ብዙ አልፈጀባትም። ችግኙን ይዘን ተመለስን። በሚቀጥለው እሑድ እኔ ብቻዬን ሄጄ የሐበሻ ጎመን ዘር በተንኩበት። ጠባቂው አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በገባ ቁጥር እየሄድኩ እዘራበታለሁ።

ይሄን ሁሉ ለናኒ የነገርኳት ከስብሰባው ስንመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነው። አያቷ ሲሞት ገና አልተወለደችም ነበር። ስልኳን አንዴም ሳታይ ሰማችኝ፣ ይሄ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ "ማሚ፣ ዴን ዋት ዎዝ ሂዝ?" አለችኝ። ታዲያ የእሱ የሆነው ምንድን ነው ማለቷ ነው። "እሑድ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን" አልኳት።

እሑድ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ አፈሩ ጫማችን ላይ ተጣበቀ። ናኒ ቀድማኝ ሮጣ ደረሰችና ጮኸች፤ "ማሚ፣ ጎመኑን ሰው ሰርቆታል! ሳምዋን ቆርጦታል!" ደርሼ ጎንበስ አልኩ። እውነት ነው፣ የሆነ ሰው ቆርጦታል፣ አገዳው ላይ ያለው ቁስል ገና እርጥብ ነው፤ ምናልባት ጠባቂው፣ ምናልባት በዚያ የሚያልፍ ምስኪን ለምሳው። ልጄ እኔ እስክቆጣላት ትጠብቃለች። እኔ ግን ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየሁ።

ከታች ከታች ያሉትን ብቻ ነው የቆረጡት። ልቡን አልነኩትም።